ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

የማይነሳ ሞተር ያለበት ግቢ አማካሪ አያጣም። በዚህ ክረምት ያረጀችው ቬስፓችን ከጓሮ ወጥታ በረንዳው ሥር ከቆመች ጀምሮ በበራችን ያለፈ ሁሉ በሽታዋን ነግሮን ሄዷል። የጎረቤታችን ሹፌር "ካርቡሬተር ነው፣ ሌላ ነገር አትንኩ" አለ። ጥበቃው ካንዴላ እንድንቀይር መከረን። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ወጣት ቆጣሪውን ትቶ ጎንበስ ብሎ ካያት በኋላ "ይቺ እንኳ አብቅቶላታል" ብሎን ወጣ። የ15 ዓመቱ ልጄ እያንዳንዱን "በምን አወቁ?" እያለ ይጠይቅ ነበር። የመለሰለት አልነበረም።

ርዕሱን አይቶ "የመኪና ገጽ ገባሁ እንዴ?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ስለ ልጆች እንቅልፍና ስለ አያቶች ደም ግፊት በምንጨዋወትበት አምድ ዛሬ ስለ ካንዴላ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ልጆቹን ቤት አስቀምጧቸዋል። በብዙ ቤት ጓሮ ደግሞ ከሸራ ሥር የተረሳ እቃ አይጠፋም፦ የእግር ስፌት መኪና፣ ድምፁ የጠፋ ራዲዮ፣ የቆመ ሞተር። ስለነዚህ እቃዎች ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ጋቢውን ለብሶ አንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

በእኛ ቤት እሱ ሰው አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸው 84 ነው። ቬስፓዋን በ1961 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያናዊ ነው የገዟት፤ 150 የምትባለው፣ ባለ አራት ማርሽ፣ በ1956 የተሠራች። ለማስተማር የሚሄዱት በእሷ ነበር። እኔ ከፊት፣ እግራቸው መሃል ቆሜ፣ መሪውን እንደያዝኩ እየመሰለኝ ትምህርት ቤት የደረስኩት በእሷ ነው። ከቆመች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ እሷም አብራቸው በጭነት መኪና መጣች።

አባቴ ግን አያዩዋትም። ግላኮማ የሁለቱንም ዓይናቸውን ብርሃን ቀስ በቀስ ወስዶታል። ቀኑን በክፍላቸው ከራዲዮናቸው ጋር ያሳልፉ ነበር። ልጄም በክፍሉ ከስልኩ ጋር። በሁለቱ መካከል "አባባ፣ እንዴት አደሩ?" እና "እግዚአብሔር ይመስገን" ካልሆነ ሌላ ቃል አይሰማም። ጠብ የላቸውም፤ ወሬም የላቸውም።

ሰኔ ላይ አንድ ሰው መጣ። ካፌ ሊከፍት ነው፤ ቬስፓዋን በር ላይ ለጌጥ ሊያቆማት ፈለገ። የጠራው ገንዘብ የልጄን የግማሽ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል። ዘንድሮ ክፍያው ምን ያህል እንደጨመረ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለአባቴ ሳማክራቸው ብዙ አላሰቡም። "ከሠራች ትቆይ። ካልሠራች ሽጪና ለልጁ ክፈዪለት። የማትጮህ ቬስፓ ለእኔ ምኔ ናት? አላያት።" ሰውየውን እስከ መስቀል ታገሠን አልነው።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ፒያጆ ንድፏን ያስመዘገበው ሚያዝያ 15 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያወጣት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር፤ ለዚህም ነው ሰንሰለት የሌላት፣ ሞተሯ ከኋላ ጎማው ጎን የተሸጎጠ፣ የለባሹን ሱሪ በዘይት የማታበላሽ አድርጎ የሠራት። የጋራዥ ቋንቋችንም ከእነሱው የመጣ ነው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካቻቢቴ። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። አባቴ ይህን ለልጄ ሲነግሩት "ታዲያ ለምን ሻማ አንለውም?" አላቸው። እስካሁን መልስ አልተገኘም።

ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ቤንዚን፣ እመቃና እሳት። እመቃ መኖሩ መርገጫውን ሲረግጡ እግርን በመቃወሙ ይታወቃል፤ የእኛዋ ትቃወማለች። ቤንዚኑን በተመለከተ የድሮውን ደፍተን፣ ታንከሩንና ካርቡሬተሩን አጥበን፣ አዲስ ቤንዚን ዘይት ቀላቅለን ሞላን። የእሷ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚጠጣው፤ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ያህል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቀረው ክረምት ያለቀው በእሳቱ ላይ ነው።

እሳቱ እንዴት እንደሚመጣ አባቴ ለልጄ ያስረዱት እንዲህ ነው። ቮላኖ የሚባለው ከባድ መንኮራኩር ውስጡ ማግኔት አለው። ሲዞር ከጀርባው ባለው ሳህን ላይ በተጠቀለሉ ሽቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ባትሪ አያስፈልግም፤ የእኛዋም የላትም። እዚያው ሳህን ላይ ፑንቲና የሚሏት፣ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ያሏት በር አለች። ጥርሶቿ ሲገጥሙ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ሲላቀቁ ድንገት ይቋረጣል። በተቋረጠባት ቅጽበት ቦቢናው ጉልበቱን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ይለውጠዋል፤ እሱም በካንዴላው ጫፍ ያለችውን 0.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ዘሎ ይፈነጥቃል። ኮንደንሰር የሚባለው ትንሽ ጣሳ ደግሞ ፑንቲናዋ ስትላቀቅ የሚፈጠረውን ቃጠሎ ይውጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ በሰከንድ 50 ጊዜ ይደረጋል። ልጄ ስልኩን አውጥቶ አስልቶ ሲያረጋግጥ አባቴ ፈገግ አሉ። የድሮ የሒሳብ መምህር ናቸው።

አንድ ደንብ ነበራቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሞከራል፤ የተሞከረው ከነውጤቱ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ጸሐፊው ልጁ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ቀይሮ ሞተሩ ቢነሳ የትኛው እንዳስነሳው አይታወቅም፤ ነገ ተመልሶ ቢጠፋም ከዜሮ መጀመር ነው። ይህንን ደንብ ልጄ መጀመሪያ እንደ ቅጣት ነበር ያየው።

የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ "15 ጊዜ ረገጥን። አልተነሳችም። ካንዴላው እርጥብ።" ካንዴላ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ቤንዚኑ እየደረሰ ነው፤ የጎደለው እሳት ነው። ደረቅ ከሆነ ወደ ቤንዚን መመለስ ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ፍተሻ የሹፌሩን ምክር በጨዋነት ወደ ጎን አደረገችልን።

ቀጥሎ ካንዴላውን በቆቡ ላይ መልሰን ሰክተን፣ የብረት ገላውን ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር አስነክተን፣ መርገጫውን ረገጥን። እዚህ ላይ ላቋርጥና ልጅ ይዛችሁ ይህን የምትሞክሩ ሁሉ ልብ በሉ። ከካንዴላው ቀዳዳ የቤንዚን እንፋሎት ይወጣልና ቀዳዳውን በጨርቅ ድፈኑት፤ ብልጭታውም ከዚያ ይራቅ። ካንዴላውን በባዶ እጅ አትያዙ፤ ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ይያዝ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላቸው አባት ወይም እናት ካሉ ከዚህ ሥራ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ውጭ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ሽታው ሳያስፈራ ይገድላል።

ያየነው ብልጭታ ቀጭን፣ ብርቱካናማ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሌለ ነበር። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ነው፤ ጠጋ ሲሉም "ጧ" ይላል። አዲስ ካንዴላ ገዛን፤ እዚያው ነው። የጥበቃው ምክር ደብተር ላይ ተጽፎ ተሰረዘ። ስለዚህ ወደ ፑንቲና ገባን። የቬስፓ ቮላኖ መስኮት አለው፤ ቮላኖውን ሳይነቅሉ በዚያ በኩል በእጅ ባትሪ ፑንቲናዋን ማየት ይቻላል። ከ20 ዓመት በላይ የቆመ ፑንቲና ጥርሱ ላይ ግራጫ ዝገት ያበቅላል፤ ሲገጥም የገጠመ ይመስላል እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ በስሱ አሸነው፤ አልኮል በነካ ካርቶን ጠረግነው። ዱቄቱ ጥርሱ መሃል ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው። ክፍተቱን በመለኪያ ቅጠል 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አቆምነው፤ ከ0.3 እስከ 0.5 ይፈቀዳል።

ያን ጊዜ ሰማያዊ ሆነ። በ11ኛው እርግጫ ተነሳች።

ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ፤ የጎረቤት ውሻ አበደ። አባቴ ግድግዳውን እየዳሰሱ ከክፍላቸው ወጡ፤ ማንም አልመራቸውም። በረንዳው ላይ ቆመው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ልጄ እየሳቀ "አባባ፣ ይስሙ!" ይላል። ሰባት ደቂቃ ያህል ሠራች። ከዚያ ጠፋች።

ብንረግጥ ብንረግጥ እምቢ። 20 ደቂቃ ካረፈች በኋላ በሁለት እርግጫ ተነሳች። ሰባት ደቂቃ። ጠፋች። በማግስቱም እንዲሁ።

ቀዝቃዛ እያለ የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር ከሁሉም በላይ ሰው ያደክማል። መርማሪው ሲደርስ በሽተኛው ድኖ ይቀመጣል። ሻይ ጠጥታችሁ መሣሪያ ይዛችሁ ስትመለሱ ቀዝቅዟል፣ እሳቱም ተመልሷል፤ "ደህና ነው" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ መሣሪያው ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ ጓንት ተደርጎ፣ እንደጠፋች ወዲያው መፈተሽ አለበት፤ ትኩሳቱ እያለ።

ከዚያ በፊት ግን አባቴ ጥያቄ ነበራቸው። "እንዴት ነው የጠፋችው?" ልጄ "ዝም ብላ ጠፋች" አላቸው። "ዝም ብሎ የሚባል ነገር የለም። እንደገና አስነሳትና ዓይንህን ጨፍን።" አስነሳት፤ ሁለቱም ጨፍነው ቆሙ። (አባቴ ለምን እንደጨፈኑ አልጠየቅኩም።) ስትጠፋ እንዲህ አሉት፦ "ቤንዚን ያጣ ሞተር እየተንተባተበ፣ ትንፋሽ እያጠረው ነው የሚሞተው። ይቺን ሰማሃት? እንደ መብራት ነው የጠፋችው። አንድ ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን እንደነካባት።"

ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ቢሆንም ጆሮ ብቻውን አይታመንም፤ ደብተሩም ጆሮ አይቀበልም። የቤንዚን ታንከር ክዳን ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አላት። ከተደፈነች ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ሲያርፍ ይነሳል፤ ልክ እንደኛዋ። ስለዚህ እንደጠፋች ክዳኑን ከፈትን። አየር ሳበ የሚያሰኝ ድምፅ የለም፤ ከፍተን ብንረግጥም አልተነሳችም። ካንዴላውን በትኩሱ ፈታን፤ እርጥብ። ብልጭታ ሞከርን፤ ምንም። እሳት ነው የሚጠፋው። ተጻፈ።

ከዚህ በኋላ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የካንዴላው ቆብና ወፍራሙ ሽቦ ነበር፤ በክረምት እርጥበት ያረጀ ሽቦ በጎኑ ያፈሳል። ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ማየት ነው፤ የሚያፈስ ከሆነ ሽቦው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይርመሰመሳል። ከራት በኋላ መብራት አጥፍተን አየን። ንጹሕ ነው። ለዝናቡም ብለን ቆቡን ቀየርነው። ሰባት ደቂቃ።

ሁለተኛው የማጥፊያው ሽቦ ነው። ባትሪ የሌላት ቬስፓ መሪዋ ላይ ባለው ቁልፍ ነው የምትጠፋው። ቁልፉ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው፤ ከፑንቲናዋ የመጣውን አረንጓዴ ሽቦ ከብረት ጋር ያገናኘዋል፤ እሳቱ ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በዚያ ይፈስሳል። ቁልፉ ካረጀ ሳይነኩትም ሊያጠፋ ይችላል። ሞተሩ አጠገብ ካለችው የሽቦ መገናኛ ሳጥን አረንጓዴውን ነቀልነው። ሰባት ደቂቃ።

ሦስተኛው ቦቢናው ነው። ሲሞቁ ከሚከዱ እቃዎች ዋነኛው እሱ ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርደን ስንዞር ውለን ከአንድ ሱቅ አዲስ ገዛን። ገጠምነው፤ ቀዝቃዛም እያለች እሳት የለም። አሮጌውን ስንመልሰው እሳቱ ተመለሰ። አዲሱ ከነካርቶኑ የሞተ ነበር። ልጄ "አዲስ ነው እኮ!" እያለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አባቴ "አዲስ ማለት ገና ያልተሞከረ ማለት ነው" አሉት። ሰፈራችን ያለ አንድ መካኒክ የሚሠራ ቦቢና ከራሱ ቬስፓ ፈትቶ ለአንድ ቀን አዋሰን። በውሰት፣ ሲሠራ በታየ እቃ መሞከር አዲስ ከመግዛት ይሻላል፤ ይህን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ቆርጣችሁ ብታስቀምጡ አልከፋም። በተዋስነው ቦቢና ስንት ደቂቃ እንደሠራች ገምቱ።

ያን ዕለት ማታ ባለ ካፌው ደወለ፤ ዋጋ ጨምሯል። ራት ላይ ነበርን። ልጄ ከሳህኑ ሳይነሳ "ለምን አንሸጣትም? አትሠራም እኮ" አለ። አባቴ ጎርሰው ጨረሱ፤ ውሃቸውን ጠጡ፤ "ልክ ነህ፣ ልጄ" አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ሌሊቱን ራዲዮናቸው አልተሰማም። እኔም ለባለ ካፌው "እሺ" ለማለት አንድ አረፍተ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ከገበያ ስመለስ ሁለቱ በረንዳ ላይ ናቸው። ማን ማንን እንደጠራ አላውቅም። ልጄ ደብተሩን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያነብላቸዋል። አባቴ እያስቆሙ ይጠይቃሉ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሁለቱ ይህን ያህል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ዘንቢሌን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"አረንጓዴውን ሽቦ ከየት ነቀልከው አልክ?"

"ከሳጥኗ።"

"ከሳጥኗ እስከ ቁልፉ ያለው እንግዲህ ንጹሕ ነው። ከሳጥኗ እስከ ፑንቲናዋ ያለውስ?"

ልጄ ዝም አለ። ከዚያ "እሱ ከቮላኖው ጀርባ ነው፣ አባባ። አይታይም" አለ።

"ለእኔ ሁሉም ነገር አይታይም" አሉት። ሳቁ። ልጄ መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆን ወደ እኔ አየ።

ቮላኖ በመዶሻ አይነቀልም። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ማራገቢያ ክንፎቹ ይሰበራሉ፣ ዘንጉም ሊጣመም ይችላል። ጉሮሮው ላይ የሚታሰር መንቀያ አለው፤ እሱንም መካኒኩ አዋሰን። ከመንቀላችን በፊት ሳህኑ በየት በኩል እንደተቀመጠ በካቻቢቴ ጫፍ ምልክት ጫርን። ሳህኑ ትንሽ ዞሮ ከተመለሰ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣል፤ ሞተሩም እግር የሚመልስ ይሆናል። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ብረት ልጄ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጣት። እሷ ጠፍታ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲያበጥር የዋለ ሰው አውቃለሁ።

ሳህኑን ጋዜጣ ላይ አኖርነው። ሽቦዎቹ በዘይትና በአቧራ ጠቁረዋል፤ ልጄ በእጅ ባትሪ አንድ በአንድ አያቸው። ሙሉ ናቸው አለ። እኔም አየሁ፤ ሙሉ ናቸው። ተጠርጣሪው ኮንደንሰሩ ሊሆን ነው፤ እሱም ሲሞቅ የሚከዳ እቃ ነውና ልጄ ስሙን ደብተሩ ላይ ጽፎ ነበር።

አባቴ "ስጡኝ" አሉ። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አረንጓዴውን ሽቦ ከፑንቲናዋ ጫፍ ይዘው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል እንደ መቁጠሪያ ቀስ እያሉ አሳለፉት። ሽቦው በሳህኑ ቀዳዳ በኩል የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። "እዚህ ጋ።" ልጄ አበራ። "ምንም የለም፣ አባባ።" "ጥረገው።" አልኮል በነካ ጨርቅ ሲጠርገው ጥቁሩ ሽፋን እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቆ ታየ፤ በስንጥቁ ውስጥም የፀጉር ያህል መዳብ አብለጨለጨ።

እዚህ ላይ ልጄ ያደረገውን ማንም አልነገረውም። "እስካሁን አላረጋገጥንም" ብሎ ገብቶ የእኔን የፀጉር ማድረቂያ ይዞ መጣ። የአረንጓዴውን ሽቦ ሁለት ጫፎች ነቀለ፤ ሽቦውን ራሱን ግን ከቦታው አላነቃነቀም። አንዱን የቴስተር ጫፍ ከሽቦው፣ ሌላውን ከሳህኑ ብረት አገናኘ። ቴስተሩ ዝም። ሳህኑን በማድረቂያው ማሞቅ ጀመረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። አባቴ ጆሯቸውን አዘንብለዋል። አራተኛው ደቂቃ ላይ ቴስተሩ ጮኸ፤ ማድረቂያውን ሲያነሳና ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ተቆራረጠና ቆመ። በሙቀት የለሰለሰው ሽፋን መዳቡን ከብረቱ ጋር ሲያስነካው ነበር። አባቴ በጆሯቸው እንዳሉት፣ በየሰባት ደቂቃው ማጥፊያውን የሚነካባት ሰው ነበረ።

"ጻፍ" አሉት።

ጥገናው ከምርመራው ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም። አንዱ ሽቦ ካረጀ ሌሎቹም እኩያው ናቸውና በሳህኑ ላይ ያሉትን ሁሉ ሙቀትና ዘይት በሚችል ሽቦ ቀየርናቸው። መጋጠሚያዎቹ በስታኞ ተበየዱ። ናስትሮ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ በሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል። ሳህኑን በጫርነው ምልክት መለስነው፤ ግማሽ ጨረቃዋ ከብርጭቆዋ ወጣች፤ ቮላኖው ታሰረ፤ የፑንቲናው ክፍተት እንደገና ተለካ።

ያን ዕለት 40 ደቂቃ ሠራች። ያጠፋናት እኛው ነን፤ ጎረቤት ሕፃን አስተኝታ ነበር። ካንዴላውን ስንፈታው ደረቅና ብስኩት የመሰለ ቡናማ ነበር፤ እንደዚያ ሲሆን ቤንዚኑም እሳቱም ተስማምተዋል ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ አባቴ ወንበራቸውን አስጠግተው መዳፋቸውን ወንበሯ ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ልጄ ከጎናቸው መሬት ላይ።

ለባለ ካፌው ስልክ የደወሉት አባቴ ናቸው። ልጄ ቁጥሩን መታላቸው። "ተነሳች" አሉት። ሰውየው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ አባቴ ግን ስልኩን ወደ ቬስፓዋ አስጠግተው ልጁን "ርገጥ" አሉት። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ያው እንደ ድሮው የእኔና የባለቤቴ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል፤ የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ከዕቁብ ነው የምንከፍለው።

መንገድ ላይ አትወጣም፤ ገና ብዙ ይቀራታል። የኋላ ፍሬኗ አይይዝም፣ ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ ሰሌዳና ፈቃድ የሚባል ጣጣም አለ፤ ልጄም መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ድረስ ከግቢ ውጭ እንደማይነዳት ተፈራርመናል፤ ደብተሩ ላይ፣ አባቴ ምስክር ሆነው። ከቮላኖው በኩል ዘይት የሚገታው የጎማ ቀለበትም ያንጠባጥባል፤ ሳይቀየር ከቆየ ዘይቱ ተመልሶ ፑንቲናዋን ያቆሽሻል። ቅዳሜ እሱን ፍለጋ ሶማሌ ተራ እንወርዳለን። አባቴም አብረውን እንደሚሄዱ ተናግረዋል፤ ሻጩ የሚሰጠንን ቀለበት በጣታቸው ሳያዩት እንዳንከፍል አስጠንቅቀውናል።